ሲሞቃት የማትነሳው መኪና

አሰብ ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ሸዋንግዛውን የማያውቅ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ የገባ ተሳቢ ሁሉ፣ የነዳጅ ፖምፓው ቢደክምበት ወይም ነዳጅ የሚረጨው ኖዝሉ ቢያጨስበት፣ ከወደቡ አጥር ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ጋራዥ ደጅ ይቆም ነበር። የናፍታ ሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል ይባልለታል። ቤንዚን ግን አይነካም። የቤንዚን መኪና ይዞ ለመጣ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «እኔ የናፍታ ሰው ነኝ ወንድሜ፤ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ሂድ፣ እዚያ ይሠሩልሃል» ይለዋል። ብዙ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር።

ኩራት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ከግራ እጁ ጣቶች ጀምሮ ክርኑን አልፎ እስከ አንገቱ ሥር የሚወጣ የተጨማደደ ጠባሳ አለው። ሰው ሁሉ በካናቴራ በሚውልበት በአሰብ ሙቀት እሱ እጅጌው ረጅም ቱታ ለብሶ ይሠራል። ለሚስቱ ለእቴናት እንኳ «ኮምቦልቻ ሳለሁ ጋራዥ ተቃጥሎ ነው» ከማለት ሌላ ነግሯት አያውቅም። የነዳጅ ማጣሪያው አናት ላይ የሚነደውን ነበልባል ላለማየት ወደ ቤቱ የሚገባው በዙሪያ መንገድ ነው። እሷ ይህን ታያለች፤ ጠይቃው ግን አታውቅም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ ረፋዱ ላይ አንዲት ነጭ አሮጌ የጀርመን መኪና ደጁ ላይ ቆመች። ከውስጧ የወረደችው ሲስተር ዘሀራ ናት። አባቷ ከወሎ ወርደው አሰብ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ ተምራ፣ አዋላጅ ነርስ ሆናለች። መኪናዋም የአባቷ ነበረች፤ ሲሞቱ ለእሷ ቀረች። እንደ ሌሎቹ መኪኖች ካርቡሬተር የላትም፤ ቤንዚኑን ፖምፓ በከፍተኛ ግፊት እየገፋላት በኖዝል የምትረጭ ዓይነት ናት። እንዲህ ያለችው በከተማው ውስጥ ከሁለት ከሦስት አትበልጥም ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። ይቺ መኪና አንድ ቀን ሰው ታስገድለኛለች።»

«ወዓለይኩም ሰላም ሲስተር። መቼም ቤንዚን ናት፣ እኔ ደግሞ...»

«አውቃለሁ፤ አይነኩም። ብቻ ይስሙኝ።»

ቆማ ነገረችው። ጠዋት ቁልፍ ሲነካት ወዲያው ትነሳለች። በሞቀችበት አጥፍተው ወዲያው ቢያስነሷትም እሺ ትላለች። ሞቃ ከጠፋች በኋላ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ከቆመች ግን አለቀ፤ ማስነሻ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ሌላ አርባ ደቂቃ ጠብቀው ሲቀዘቅዝላት ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች። ካንዴላ ተቀይሮላታል፤ ቦቢና ተቀይሮላታል፤ ባትሪዋም አዲስ ነው።

«ያለፈው ሳምንት ከራሔይታ መንደር የምትደማ ወላድ ጭኜ ስመጣ፣ ሆዷን ለማሸት ብዬ መንገድ ላይ አቆምኩ። ሞተሩ ስለጋለ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ እምቢ አለች። አርባ ደቂቃ በዚያ ፀሐይ፣ እጄን ሴትየዋ ሆድ ላይ ተጭኜ! ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ደግሞ እዚያው ራሔይታ ተስኒም የምትባል የዓሣ አጥማጅ ሚስት አለች። ስምንት ወሯ ነው። እግሯ አብጧል፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ከተማ ገብተሽ ተቀመጪ ብላት ቤቴን ጥዬ አልሄድም አለች። ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠሩኛል።»

ሸዋንግዛው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «አዝናለሁ ሲስተር። አልችልም።»

ዘሀራ አልተከራከረችም። ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ለካ ሲነጋገሩ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ነው። ሸዋንግዛው ሳያስበው ከዱካው ተነስቶ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ጆሮው እያዳመጠ ነው፤ ሳልም የለ፣ ትንታም የለ። ቤንዚን አልደረሳትም አለ በልቡ። ኮፈኑን ክፈቺው ሊላት አፉን ሲከፍት፣ የጋለ ብረትና የቤንዚን ሽታ ባንድ ላይ አፍንጫው ገባ። ተመልሶ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

መኪናዋ እስክትበርድ ድረስ ሁለቱ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆዩ። ልትሄድ ስትል ግን፣ «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምጪያት። ሳትሞቅ» አላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አመጣቻት። ሸዋንግዛው ሽቦውን ሁሉ ፈተሸ፣ የካንዴላዎቹን እሳት አየ፣ ፊልትሮዋን ተመለከተ። ሦስት ጊዜ አስነሳት፤ ሦስቴም ቁልፉ ሲነካ ተነሳች። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ዘሀራ ሁለቱንም ቀን ካየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኛ ወባ ስንመረምር ደም የምንወስደው ትኩሳቱ ሲነሳ ነው። ይቺም በብርድ ቢያዩዋት ጤነኛ ናት። ሕመሟ በሙቀት ነው» አለችው።

እሱም ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር። ሌት የሚያባንነው ይኸው ነው፤ የዚች መኪና ሕመም ሞተሯ ሳይግል ፊቱን አያሳይም። ሞተሩ ሲግል ደግሞ የነዳጅ መስመር መንካት ማለት... ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐሳቡ አይጨርሰውም።

ዓርብ ጠዋት ግን ጀመረ። መኪናዋ ገና ቀዝቃዛ ሳለች፣ ከናፍታ ፖምፓ መሞከሪያው ላይ የግፊት መለኪያ ነቅሎ፣ መጋጠሚያ አበጅቶ ነዳጁ ወደ ሞተሩ በሚገባበት መስመር ላይ አሰረላት። መጋጠሚያውን አምስት ጊዜ አጠበቀው። ፖምፓውን ሞተሩ ሳይነሳ ለብቻው የሚያሠራ ሽቦ ዘርግቶ ማብሪያ ማጥፊያውን ለዘሀራ ሰጣት። ሁለት ባልዲ አሸዋ ሞልቶ ከግራና ከቀኝ አስቀመጠ። «እሳት ካየሽ ወደ እኔ እንዳትመጪ፤ ሩጪ» አላት። ፊቱን አይታ አልሳቀችም።

ሞተሩን አስነስተው ከተማውን ዞረው ሲመለሱ ቀትር ሊሆን ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቱን መታው። የመለኪያው መርፌ አምስት ላይ ነው። «አጥፊው።» መርፌው ወረደ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ባዶ ላይ ተኛ።

«እዚህ ላይ ነው» አለ። «ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ መቆየት ነበረበት። ግፊት ካልያዘው፣ በዚህ ሙቀት ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ እንደ ሻይ ውሃ ይፈላል። ይተንና ቧንቧው በእንፋሎት ይሞላል። ባዶ ቧንቧ ነው ኖዝሉ የሚጠባው።»

«ግፊቱ የት ይሄዳል ታዲያ?»

«እሱን ነው የምንፈልገው።»

እንደገና ግፊት ሞልተው፣ ወደ ሞተሩ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ጨርቅ በጠቀለለበት ፒንሳ ቆንጥጦ ያዘው። መርፌው ባለበት ቆመ። ስለዚህ የሚያፈሱት ኖዝሎቹ አይደሉም፤ ግፊቱ የሚጠፋው ከኋላ፣ ከታንኩ በኩል ነው። እዚያ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ጡጫ የምታክል ድፍን የብረት ጣሳ አለች፤ ውስጧ በጥምዝምዝ የሞላ ሽቦ የሚገፋ የላስቲክ ሽፋን አለ፤ ሥራዋ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱን መያዝ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ እንደሆን ቤንዚኑ በጀርባዋ ባለች ቀጭን ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ ያቺን ቱቦ ነቅሎ ፖምፓውን ማሠራት ነው። የጋለው የጭስ ቧንቧ ከጣሳዋ በአንድ ክንድ ርቀት ያልፋል።

በክሪክና በግንድ የኋላዋን ከፍ አድርጎ ገባ። ላቡ ዓይኑን ያቃጥለዋል። ቱቦዋን ነቀላት። «አብሪው» አለ።

ፖምፓው አንጎራጎረ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነገር የእጁን አንጓ ነካው፤ ወዲያው በጠባሳው ላይ ወደ ክርኑ ወረደ። ቤንዚን ነው። ይንጠባጠብ የነበረው እየወፈረ መጥቶ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ፍንጣሪውም ወደ ጭስ ቧንቧው ይረጭ ጀመር። አጥፊው ማለት ፈለገ። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። እጁ አይንቀሳቀስም፣ እግሩም አይታዘዝም። የጭስ ቧንቧው ላይ ያረፈች ጠብታ ስትጤስ እያየ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረ ጩኸት ጆሮው ውስጥ እየሰማ፣ ዝም ብሎ ተኛ።

ፖምፓው ቆመ። ዘሀራ ከጎማው አጠገብ መሬቱ ሲረጥብ አይታ በራሷ አጥፍታዋለች። እግሩን ይዛ እየጎተተች አወጣችው። ቱታውን በላዩ ላይ ቀደደችው፤ በጀሪካን ውሃ ደረቱን አጠበችው። ጠባሳውን ያኔ ሙሉውን አየች። እሱ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ አብሽሩ። አልፏል።»

ቆይቶ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ለማንም ያልነገረውን ነገራት። ኮምቦልቻ ተክለጻድቅ የሚባል የሥራ ጓደኛ ነበረው። ከመንገድ የገባች የጋለች መኪና ነበረች። ተክለጻድቅ ትቀዝቅዝ አለ። ባለመኪናው ቸኩሏል። «ምንም አትሆንም፣ ፍታው» ያለው ሸዋንግዛው ነው። ተክለጻድቅ የነዳጁን መስመር ፈታው፤ ቤንዚኑ የጋለው ብረት ላይ ተረጭቶ ነደደ። ሸዋንግዛው እሳቱን ሊያጠፋ ሲል የራሱ እጅ ተቃጠለ፤ ጓደኛው ግን በሦስተኛው ቀን ሞተ።

«ሞትኩ እያለ ሲጮህ እንኳ እኔን አልወቀሰኝም» አለ።

ዘሀራ ባዶውን ጀሪካን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ሲፈሩ ድምፅዎ ይጠፋል ማለት ነው» አለች፣ ሕመምተኛ እንደምትጠይቅ። «እንግዲህ በድምፅ አንነጋገር። በመፍቻ ብረቱን ይምቱ። የሚመቱ ከሆነ ደህና ነዎት። ካቆሙ አጠፋለሁ።»

የፈሰሰውን በአሸዋ ሸፍነው፣ የጭስ ቧንቧው እስኪበርድ ጠብቀው፣ ተመልሶ ገባ። በቀኝ እጁ መፍቻውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ፣ በግራው የጣሳዋን ጀርባ በቡሎን ደፍኖ በፋሸታ ማሰሪያ አጠበቀው። ደፈናው መያዙን ለማየት ዘሀራ ፖምፓውን ስታበራ መምታቱን ሁለት ጊዜ አቆመ፤ ሁለቴም ፖምፓው ወዲያው ጠፋ። ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ሞተሩን እንደገና አግለው አጠፉት። መርፌው ወደ ሁለት ወረደና ግማሽ ሰዓት እዚያው ዋለ። ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ተነሳች።

«ተፈወሰች!» አለች ዘሀራ።

«አልተፈወሰችም። ጣሳዋ ሞታለች፤ እንዲያው ደፈንኳት እንጂ። ይቆይ ይሆናል፣ ላይቆይም ይችላል።» ወንዶሰን የሚባል የተሳቢ ሾፌር በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ይነሳ ስለነበር አዲስ ጣሳ እንዲያመጣ አደራ ሰጠው። እስከዚያው የፖምፓውን ማብሪያ ማጥፊያ መሪው ሥር አስሮ ተወላት፤ ከማስነሳቷ በፊት ግፊት እንድትሞላበት።

ወንዶሰን ሳይመለስ፣ በስድስተኛው ቀን ከራሔይታ ዓሣ የጫነች ጀልባ መልእክት ይዛ ገባች። ጀልባዋ ጎህ ሳይቀድ ስትነሳ ተስኒም ራሷን ፈልጧት፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ነበር። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ትናንት ወደ ዒድ ከተማ ሄዶ ገና አልተመለሰም። ዘሀራ ጋራዡ ደጅ የቆመችው ይሄን ለመንገር ብቻ ነበር። «ከሰዓት ሳይሆን አሁን ነው የምሄደው። መንገድ ላይ እምቢ ብትለኝ ምን ላድርግ?»

ሸዋንግዛው ሊነግራት ጀመረ። ይህን ብታደርጊ፣ ያን ብታደርጊ እያለ ቆይቶ አቋረጠው። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቀለለና ከጎኗ ገብቶ ተቀመጠ። 

መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ያሸታል። በኮረቱ ላይ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ያቺ ቡሎን ብትወልቅ እያለ ልቡ ትዘላለች። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ እሱ ነፋሱ እየመታው ላብ አጠመቀው። ራሔይታ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ዘሀራ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ጎጆው ሮጠች፤ በልማድ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ነቅላው ነበር። ሸዋንግዛው አየ፤ ጮኾ ሊጠራት ሲል ገብታለች።

ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ አለፈ። በመጨረሻ ተስኒምን በአልጋ ተሸክመው አወጧት። ፊቷ አብጦ ዓይኗ የማያይ ሆኗል። ባሏ ፈረጅ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ወደብ ላይ ወዛደር ሆኖ ስለሠራ አማርኛ ያውቃል። የኋላ መቀመጫው ላይ አስተኟት።

«በዚህ መንገድ ላይ ልትንፈራገጥ ትችላለች» አለች ዘሀራ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መርፌ ወግቻታለሁ፤ ቶሎ መድረስ አለብን።» ማብሪያ ማጥፊያውን ነካች፤ ፖምፓው አንጎራጎረ፤ እስከ አሥር ቆጠረች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ። አልተነሳችም።

 ፈረጅ ኮፈኑ ላይ ደርሶ፣ «ቧንቧው አየር ይዞ ነው! ወደብ ላይ አይቻለሁ፤ ፈታ ያደርጉታል፣ አየሩ ይወጣል። ፍታው!» አለ።

«አልፈታም።»

«ሚስቴ እየሞተች ነው! አንተ ካልፈታህ መፍቻውን ስጠኝ!» እጁን ወደ ጥቅሉ ሰደደ።

ሸዋንግዛው መፍቻዎቹን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ነፍሱ ከሥጋው ልትለይ ደርሳለች፤ ድምፁ ግን፣ ራሱንም እስኪገርመው፣ ወጣ። «ስማኝ ወንድሜ። ይህን አሁን ብንፈታው ቤንዚኑ ይሄ የጋለ ብረት ላይ ነው የሚረጨው። ሚስትህ ያለችው መኪናዋ ውስጥ ነው። ሰው ሲቃጠል አይቻለሁ። አልፈታም። ውሃ አምጣ! ጨርቅም አምጣ! ቶሎ በል!»

ፈረጅ እጁን መለሰ። ከዚያ ትከሻው ላይ ያደረገውን ሽርጥ ጣለለትና ለውሃ ሮጠ። ሴቶች በጀሪካን አቀበሉት። ሸዋንግዛው ሽርጡን እየነከረ በነዳጅ ቧንቧዎቹና በማከፋፈያው ላይ ጠቀለለው፤ ውሃው እየጤሰ ተነነ፤ ደግሞ ነከረ፣ ደግሞ ጠቀለለ። «እንፋሎቱ ተመልሶ ቤንዚን እስኪሆን ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከውስጥ ተስኒም ታቃስታለች። ዘሀራ ፖምፓውን አሁን ለአሥር ቁጥር ሳይሆን ለሙሉ ደቂቃ አሠራችው። ደቂቃዋ አላልቅ አለች።

«አስነሺ።»

ዞረች። አንድ ጊዜ ሳለች፤ ሁለት ጊዜ ሳለች፤ ሦስተኛው ላይ ተነሳች። ሸዋንግዛው ኮፈኑን ዘግቶ ዕቃውን ሳይሰበስብ ዘሎ ገባ። «በነቢዩ ይሁንብሽ፣ ሆስፒታል እስክንገባ ያንን ቁልፍ እንዳትነኪው!»

አልነካችውም። ሆስፒታሉ በር ላይ ተስኒምን ሲያወርዷት እንኳ ሞተሩ እየሠራ ነበር። እሱ ከመኪናዋ ወርዶ ግንቡ ሥር ሄዶ አስታወከ። ተስኒም በዚያው ዕለት ማታ በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኑ ትንሽ ነበር፣ ኖረ። እሷም ዓይኗ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰላት።

ወንዶሰን ጣሳዋን ይዞ የመጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ሸዋንግዛው በማለዳ ገጠማት፤ በቀትር አግሎ ሞከራት፤ ሠርታለች። ከዚያም ወዲህ አልፎ አልፎ የቤንዚን መኪና ተቀብሏል፤ ደፋር ሆኖ ግን አያውቅም። የነዳጅ መስመር በነካ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ፊት መንቀጥቀጡን መደበቅ ግን ተወ።

ከራሔይታ በተመለሰበት ቀን ቤቱ ሲገባ እቴናት ለእራት ዓሣ እየጠበሰች ነበር። አጠገቡ ስትደርስ አሸተተችው። «ይሄ ቤንዚን ነው» አለች።

«አዎ። ቤንዚን ነው።»

 ዓሣው የሚጠበስበትን የከሰል ምድጃ በሁለት እጇ አንስታ ወደ ውጭ፣ ግቢው ጥግ ድረስ ወስዳ አስቀመጠችው። ተመልሳ መጥታ ከጎኑ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ንገረኝ» አለችው። እሱም ከኮምቦልቻ ጀምሮ ነገራት።